ዕቅዱን ተረኛዋ ነርስ ታውቀዋለች ወይ?

የተከበራችሁ የጉባኤው ተሳታፊዎች፣ እኅቶቼና ወንድሞቼ፤ ወደ ማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ፣ ወደ ደሴ፣ እንኳን በደኅና መጣችሁ።

ዛሬ ከአጀንዳዎቻችን ሁሉ አስቀድሜ የማነሣው የሆስፒታል የአደጋ ጊዜ ዕቅድን ነው። ዕቅዱ ተጽፎና ማኅተም አርፎበት በኃላፊው ቁም ሣጥን ውስጥ ሊቀመጥ ይችላል፤ ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ ድንገተኛ ክፍል የምትገኘው ግን ተረኛዋ ነርስ ናት፤ እርሷ የማታውቀው ዕቅድ ለዚያ ሌሊት ፈጽሞ እንዳልተጻፈ ይቆጠራል።

ጀማሪ ነርስ ሳለሁ፣ በአንድ ሌሊት፣ ሐረጎ ቁልቁለት ላይ የተገለበጠ ሚኒባስ ተሳፋሪዎች በሙሉ በአንድ ጊዜ መጡብን። ተረኞቹ ሁለት ነበርን። ትርፍ ግሉኮስ፣ ጓንትና ፋሻ ያለበት ክፍል ተቆልፏል፤ ቁልፉም ቤቱ ከተኛው ንብረት ክፍል ሠራተኛ ዘንድ ነው። እኛም አብዝቶ ወደሚጮኸው ሮጥን። በሩ አጠገብ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ነጠላዋን ተከናንባ ዝም ያለችውን እናት እጇን የያዝኳት ዘግይቼ ነው፤ እጇ ቀዝቅዞ ነበር፣ የእጅ አንጓዋ ላይ የደም ትርታ አጣሁ፤ ሆዷ ውስጥ እየደማች ነበር። ፈጣሪ ይመስገን፣ ተርፋለች። ያ ቅዝቃዜ ግን ዛሬም ከእጄ አልወጣም።

ትሪያጅን፣ ማለትም ተጎጂዎችን እንደ ጉዳታቸው ክብደት ለይቶ ቅደም ተከተል ማስያዝን፣ ብንማር ኖሮ፣ ትንፋሹ በደቂቃ ከ30 የሚበልጥ፣ የእጁ ትርታ የማይገኝ ወይም ቀላል ትእዛዝ መፈጸም ያቃተው ሰው ቀይ ካርድ ተሰጥቶት በቅድሚያ እንደሚታይ፣ ቆሞ መሄድ የሚችለው ደግሞ ምንም ቢጮኽ አረንጓዴ ካርድ ይዞ ተራውን እንደሚጠብቅ እናውቅ ነበር። ይህን ለመለየት መሣሪያ አያስፈልግም፤ አንድ ደቂቃ እንኳ አይፈጅም፤ የሚያስፈልገው አስቀድሞ መለማመድ ነው።

አካባቢያችን አደጋን የማያውቅ አይደለም። በኅዳር 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን ሲደበድቡ ሆስፒታሉም አልተረፈም። በ1953 ዓ.ም. ከኮምቦልቻ በስተደቡብ በደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ማጀቴ ፈራርሳለች፤ ካራ ቆሬም ክፉኛ ተጎድታለች። የ2014ቱን ጦርነትማ ብዙዎቻችሁ በዓይናችሁ አይታችኋል፤ የሕክምና ተቋማት ሲዘረፉ ሕሙማኑ ሕክምና አጥተው ቀርተዋል። በኮምቦልቻ ደግሞ ፋብሪካዎች በርክተዋል፤ ኬሚካል የነካውን ሠራተኛ ልብሱን አውልቆ በውኃ ሳይታጠብ ወደ ዋርድ ማስገባት፣ አስታማሚዋን ነርስ ሁለተኛዋ ተጎጂ ሊያደርጋት ይችላል። የሚታጠብበት ቦታ የት እንደሆነ በየሆስፒታላችሁ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ?

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ከባድ ነገር አይደለም። ተራ ስትረካከቡ የሕሙማኑን ሁኔታ እንደምትነጋገሩት ሁሉ፣ የመጠባበቂያው ዕቃ ቁልፍ ማን ጋ እንዳለ፣ ሐኪሞቹ በምን ስልክ እንደሚጠሩና ብዙ ተጎጂ ቢመጣ ማን እንደሚመራ ተነጋገሩ። የሥራ ኃላፊዎችንም የምለምነው፣ ልምምዱን እንግዳ በሚመጣበት ቀን ሳይሆን ሰው በሚያንስበት ሌሊት እንድታካሂዱልን ነው።

ከሰዓት በኋላ በቡድን ስትቀመጡ ባዶ ወረቀት ይታደላችኋል። እያንዳንዳችሁ፣ ዛሬ ሌሊት 20 ቁስለኛ ቢመጣ የመጀመሪያ ሥራዬ ምንድን ነው የሚለውን ጻፉበት። ባዶ የቀረውንም ወረቀት ሳታፍሩ መልሱልን፤ የመጪው ዓመት ሥልጠናችን የሚጀምረው ከእርሱ ነው።

ጉባኤው በይፋ ተከፍቷል።