«አገልግለዋል»

እሺ... ይሰማል? ይሰማል። በጉም አለ። አትጠይቁኝ፣ በፋሲካም አልታረደም።

ዛሬ ስለ ኮምቦልቻ መንገድ ነበር ልናወራ ያልነው፣ ይቅር። የጋሼ ወረቀት ከአእምሮዬ አልወጣ አለኝ። ያቺ ቀብሩ ላይ የተነበበችው የሕይወት ታሪካቸው፣ አንድ ገጽ ተኩሏ።

አንባቢው ምንም አላጠፋም። ጥርት ያለ ድምፅ፣ አንድ ስም አልዘለለ። «ከአባታቸው፣ ከእናታቸው» አለ፣ የተማሩበትን አለ፣ ከዚያ «በመምህርነት ለ37 ዓመታት አገልግለዋል» ብሎ ወረቀቱን ገለበጠ። ገለበጠ! ቀጥሎ ያለው «ባለትዳርና የአምስት ልጆች አባት ነበሩ» ነው። 37 ዓመት በአንድ ትንፋሽ። ገጹን ሲገለብጥ ምራቁን ዋጥ አደረገ፤ እሷ እንኳ ከ37ቱ ዓመት ረዘመች።

አንደኛ ክፍል እኮ ነው ያስተማሩት። ቀላል ነው የሚል ሰው ካለ ሳድስን፣ ል፣ ም፣ ስ የሚሉትን ስድስተኛዎቹን፣ አስተምሮ ይየው። ካዕብ ሕግ አለው፤ ከቀኝ ጎኑ ወገቡ ላይ እጅ ትቀጥልለታለህ፣ ሉ፣ ሙ፣ ሱ። ሣልስ ላይ ያችኑ እጅ እግሩ ሥር ታወርዳታለህ፣ ሊ፣ ሚ፣ ሲ። ኃምስ ቀለበት ነው፣ ሌ፣ ሜ፣ ሴ። ሩ እና ፉ ትንሽ ያደናቅፋሉ፣ ልጁ ግን ያልፋቸዋል። ሳድስ ላይ ሲደርስ ሕግ የለም። «ት» በግራ ጎኑ ጭረት ያወጣል፣ «ር» ሌላ፣ «ም» ሌላ። አማርኛ ደግሞ ያለ ሳድስ አንድ መስመር አይሄድም።

ችግሩ የሚደበቀው ዜማው ውስጥ ነው። ልጁ «ለ ሉ ሊ ላ ሌ ል ሎ» ብሎ ይወርደዋል፣ ዓይኑ ግን መስኮት ላይ ነው። «ል»ን ብቻዋን ብታሳየው ከ«ለ» ጀምሮ በጣቱ ይቆጥራል። ሲጽፍም «በግ» ያልከውን «በገ» ያደርገዋል። (በጉ ሰማ መሰለኝ።)

ጋሼ ሳድሱን ከገበታው ነጥለው ያወጡት ነበር። በቀን ሁለት ፊደል፣ ከዚያ አይበልጥም። ልጁ ከሚያውቀው ቃል መጨረሻ ይወስዱታል፤ በግ፣ ቤት፣ በር፣ ልጅ። የቀረውን በመዳፋቸው ይሸፍኑና «ይቺ ማናት?» ይላሉ። ከዚያ ትሪ ላይ አመድ ነስንሰው በጣት ያስጽፋሉ። መፈተኛቸው ደግሞ ዘንጓን ከታች ወደ ላይ ማስኬድ ነው፤ ወደ ኋላ ዜማ የለማ።

ጠመኔውስ! ደሴ ክረምት ላይ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ሲወርድ ጠመኔ እርጥበት ይስባል፣ ይለሰልሳል፣ ሰሌዳው ላይ ይደበዝዛል። እሳቸው በዱቄት ወተት ቆርቆሮ ከድነው፣ ማታ ከሰል ምድጃው አጠገብ ያሳድሩታል። አጠገብ እንጂ ላዩ ላይ አይደለም፣ ከጋለ ይሰነጠቃል። ጠዋት ደግሞ ሲሶውን ሰብረው ነው የሚጽፉት፤ ረጅሙ ጠመኔ ስለሚንቀጠቀጥ ሲጥ ይላል፣ አጭሩ ዝም ይላል።

ለቅሶው ላይ ልጃቸው ያለችው... እራት ሳይቀርብ የአምስቱንም እርሳስ በምላጭ ይቀርጹ ነበር አለች። የአምስቱንም፣ በየማታው። ጫፉን አያሾሉትም፤ የሾለ እርሳስ በጀማሪ እጅ ይሰበራል። ይሄም «ባለትዳርና አባት» ውስጥ ገባ።

ግን ማንን ልውቀስ? ወረቀቱ በአንድ ሌሊት ነው የሚጻፈው። ዓመተ ምሕረቱን ከጡረታ ደብተሩ ትወስዳለህ፣ የትውልድ ዘመኑ አክስቶች ከሚሉት ጋር አይገጥምም፣ አንዱ በፈረንጅ ቆጥሮ ሰባት ስምንት ዓመት ያፋልስብሃል፣ የልጅ ልጅ ስም ከተረሳ ደግሞ ቅያሜ ነው። ሰው ፀሐይ ላይ ቆሟል። ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ማጉረምረም ይጀመራል። ስለዚህ ምናልባት ልክ ነው፤ ምናልባት ወረቀቱ የዚህ ቦታ አይደለም። አላውቅም። ትናንት ልክ አይደለም ብዬ ነበር።

ለአርባቸው እንደገና ይታተማል ተብሏል። የቅሬው፣ የዕድሩ ማለቴ ነው፣ ሰዎች አንድ መስመር ጨምር ብለውኛል። አንድ! «ሳድስን ነጥለው ያስተማሩ»... ይሄ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ይነበባል? ይስቃሉ። እሳቸውም ይስቁ ነበር መሰለኝ። ወይም «አገልግለዋል» የምትለዋን እንዳለች ትቶ... እሷ ራሷ እኮ፣ ቆይ። አ፣ ገ፣ ል... ግ... ለ፣ ዋ፣ ል። ከሰባቱ ሦስቱ ሳድስ ናቸው። ልጅ ቢጽፋት «አገለገለዋለ» ነው የሚላት፣ ከዚያ እሳቸው መዳፋቸውን...

ቆይ፣ በጉ ገመዱን በጠሰው።