ለፕሪሊም ዓመት ማን ደብዳቤ ይጻፍላችሁ?

[ስክሪን ላይ፦ ርዕሱ]

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። አሜሪካ ውስጥ ለሬዲዮሎጂ ሬዚደንሲ፣ ለስፔሻሊስትነት ሥልጠና ማለት ነው፣ ልታመለክቱ ነው እንበል። ሦስት የሬዲዮሎጂ ስፔሻሊስቶች አሪፍ አሪፍ የሪኮመንዴሽን ደብዳቤ ጽፈውላችኋል። እነዚያኑ ደብዳቤዎች ለፕሪሊም፣ ለመጀመሪያው የሥልጠና ዓመት ማለት ነው፣ ፕሮግራሞችም ብትልኳቸው ይበቃል? አይበቃም። ብዙ ጎበዝ ሐኪም የሚሸወደው እዚህ ጋ ስለሆነ ዛሬ በዚህ ላይ ብቻ ነው የማወራው።

መጀመሪያ ፕሪሊም ምንድን ነው የሚለውን ቶሎ ልጨርሰው። በአሜሪካ ሬዚደንሲ አንዳንድ ስፔሻሊቲዎች ላይ ሥልጠናው የሚጀምረው ከሁለተኛው ዓመት ነው። አድቫንስድ ይባላሉ። ዲያግኖስቲክ ሬዲዮሎጂ፣ ደርማቶሎጂ፣ ራዲዬሽን ኦንኮሎጂ፣ ፒኤም ኤንድ አር (የአካል ተሃድሶ ሕክምና)፣ እንዲሁም ከአኔስቴዥያና ከኒውሮሎጂ ፕሮግራሞች የተወሰኑት እንዲህ ናቸው። የመጀመሪያውን ዓመት፣ የኢንተርንነቱን ዓመት ማለት ነው፣ ብዙ ጊዜ ለብቻው አመልክታችሁ ማግኘት አለባችሁ። እሱም በሦስት መልክ ይመጣል፦ ፕሪሊሚናሪ ሜዲሲን፣ ፕሪሊሚናሪ ሰርጀሪ እና የተለያዩ ክፍሎችን የሚያዟዙረው ትራንዚሽናል ይር።

ይኼ ዓመት ዋናውን ካገኘሁ ራሱ የሚከተል ነገር ይመስላል፤ ግን አይደለም። ማች ላይ፣ አመልካቾችንና ፕሮግራሞችን በሚያገናኘው ምደባ ማለት ነው፣ ሬዲዮሎጂውን አግኝቶ ፕሪሊሙን ያጣ ሰው አለ። እንዲህ ያለው ሰው የሁለተኛው ዓመት ቦታው ተይዞለት የመጀመሪያውን ዓመት ለማግኘት በማርች፣ በማች ሳምንት፣ ሶፕ በሚባለው የክፍት ቦታዎች ማመልከቻ በኩል የተረፉትን ቦታዎች ሲያሳድድ ይከርማል። ስለዚህ የፕሪሊም ማመልከቻችሁን እንደ ተለጣፊ አትዩት።

አሁን ወደ ደብዳቤው እንምጣ።

ደብዳቤውን የሚያነበው ሰው ማነው? የሬዲዮሎጂ ፕሮግራም ዳይሬክተር አይደለም። የውስጥ ደዌ ወይም የቀዶ ሕክምና ፕሮግራም ዳይሬክተር ነው። እናንተ ኤምአርአይ ምን ያህል ጎበዝ አንባቢ እንደምትሆኑ እሱን ብዙም አያሳስበውም። እሱ የሚፈልገው ከጁላይ ጀምሮ ዋርዱን ተሸክሞ የሚውልና የሚያድር ኢንተርን ነው። ሌሊት ነርስ ስትጠራው የሚነሳ፣ ያላወቀውን ደውሎ የሚጠይቅ፣ ኖቱን በሰዓቱ የሚጽፍ። በዚያ ላይ አንድ ስጋት አለው፦ ይኼ ልጅ ዓመቱ አልቆ ወደ ሬዲዮሎጂው እስኪሄድ ድረስ ልቡ እዚያ ሆኖ ይሠራ ይሆን ወይ? ደብዳቤያችሁ ይኼንን ስጋት ማስወገድ አለበት።

ለዚህ ነው ለፕሪሊም ሜዲሲን ቢያንስ አንድ፣ ቢቻል ሁለት፣ ዋርድ ላይ ካያችሁ የውስጥ ደዌ ሐኪም የተጻፈ ደብዳቤ ያዙ የምለው። ለፕሪሊም ሰርጀሪ ደግሞ ከሰርጀን። ትራንዚሽናል ይር ዓመቱ የተቀላቀለ ስለሆነ ደብዳቤውም ቢቀላቀል ችግር የለውም። አንዳንድ ፕሮግራሞች በተጨማሪ የዲፓርትመንቱ ኃላፊ ደብዳቤ ይጠይቃሉ፤ ይኼንን ከየፕሮግራሙ ድረ ገጽ ላይ ቀድማችሁ እዩ፣ ምክንያቱም በመጨረሻ ሰዓት የሚገኝ ደብዳቤ አይደለም።

ብዙ ጊዜ የምጠየቀው ነገር አለ፦ "ሬዲዮሎጂ እንደምሄድ ደብዳቤው ላይ ይደበቅ ወይ?" አይደበቅ። ዳይሬክተሩ ፕሪሊም የሚያመለክት ሰው አብዛኛውን ጊዜ ወደ ሌላ ስፔሻሊቲ እንደሚሄድ ያውቃል። ደብዳቤው የሚጎዳችሁ ስለ ሬዲዮሎጂ ብቻ አውርቶ ሲያበቃ ነው።

[ስክሪን ላይ፦ ሁለት አንቀጾች ጎን ለጎን]

እስቲ እነዚህን ሁለት አንቀጾች እዩ። ሁለቱንም ለምሳሌ እንዲሆኑ እኔ ነኝ የጻፍኳቸው።

የመጀመሪያው፦ "ዶ/ር እገሊት ታታሪ፣ ትሑትና ታዛዥ ሐኪም ናት። ከሥራ ባልደረቦቿ ጋር ተግባቢ ናት። ወደፊት በምትሰማራበት ሙያ ሁሉ ስኬታማ እንደምትሆን እምነቴ የጸና ነው።"

ሁለተኛው፦ "በአንድ የሌሊት ተረኛነቷ በስኳር በሽታ ምክንያት ኬቶአሲዶሲስ ያለበት ወጣት ገባ። ሁሉም ኢንሱሊን ለመጀመር ሲጣደፍ እሷ የፖታሲየሙን ውጤት ጠበቀች። 2.8 ነበር። ኢንሱሊኑን አቆይታ ፖታሲየም አስጀመረች፣ ወዲያውም ሲኒየሯን ደውላ አማከረች። ጠዋት ስታስረክብ ቀጣዩ ናሙና በስንት ሰዓት መወሰድ እንዳለበት ጭምር ተናገረች።"

የመጀመሪያው ላይ አንድም መጥፎ ቃል የለም። ግን ስሙን ቀይራችሁ ለማንም ልትሰጡት ትችላላችሁ። ሁለተኛው ላይ "ጎበዝ" የሚል ቃል እንኳን የለም፤ ዳይሬክተሩ ግን የሚፈልገውን ሁሉ አግኝቷል። ፖታሲየሙ እንዲህ ዝቅ ብሎ ኢንሱሊን ቢጀመር የልብ ምት ሊዛባና ልጁ ሊሞት እንደሚችል አንባቢው ያውቃል። ልጅቷ ሳታይ አትነካም፣ ከአቅሟ በላይ ሲሆን ትደውላለች፣ ስታስረክብ ነገር አታንጠባጥብም። የኢንተርን ሥራ ማለት ይኼው ነው።

ይኼን ስል በተለይ ኢትዮጵያ ለተማራችሁ ነው። እኛ ጋ ኢንተርንነት የትምህርቱ አካል ነው። ጥቁር አንበሳ ይሁን ጎንደር ይሁን ጅማ፣ ኢንተርን የነበረ ሰው የዋርድ ሥራን ከልምድ ያውቀዋል፤ ስንት ሌሊት አድሯል። ፕሪሊም የሚጠይቀውን ነገር አንዴ ሠርታችሁታል! ግን ደብዳቤ ላይ ሲመጣ "ለሚመለከተው ሁሉ" ተብሎ ይጀመርና ትሕትናና ታዛዥነት ተዘርዝሮ በማህተምና በቲተር ያልቃል። ያ ሁሉ ሌሊት አንድ መስመር እንኳን አያገኝም። እኔን ከልቤ የሚያናድደኝ ይኼ ነው። ማህተሙ አይደለም የሚፈለገው። በተቋሙ ሌተርሄድ ላይ የተጻፈ፣ የተፈረመበት፣ እናንተን በሥራ ላይ ያየ ሰው ቃል ነው የሚፈለገው።

ከአገር ቤት የመጣ ደብዳቤ ብቻውን ግን አብዛኛውን ጊዜ በቂ አይሆንም። ብዙ ፕሮግራሞች አሜሪካ ውስጥ አብራችሁት የሠራ ሐኪም ደብዳቤ ይፈልጋሉ፣ በተለይ በሽተኛ በእጃችሁ ካያችሁበት ቦታ። ኦብዘርቨርሺፕ፣ በሽተኛ ሳትነኩ ቆማችሁ የምታዩበት ማለት ነው፣ ብቻ ካላችሁ ያ ሐኪም የኢንተርን ሥራችሁን አላየም ማለት ነው፣ ስለዚህ የሥራውን ማስረጃ ከአገር ቤቱ ደብዳቤ ታገኛላችሁ፣ አሜሪካ ያለው ሐኪም ደግሞ ስለ አቀራረባችሁ፣ ስለ ቋንቋችሁና ስለ አስተሳሰባችሁ ይመሰክራል። ሁለቱ ይደጋገፋሉ።

ታዲያ መምህራችሁን እንዴት ትጠይቃላችሁ? እኛ ጋ ይሉኝታ አለ። ሥራችሁን በደንብ ባያስታውስ እንኳ ፊት ለፊት ሲጠየቅ እሺ ይላል። ስለዚህ መውጫ በር ክፈቱለት።

[ስክሪን ላይ፦ የመልእክቱ ጽሑፍ]

"ጤና ይስጥልኝ ዶ/ር። ባለፈው ዓመት ሜዲሲን ዋርድ ኢንተርን ሆኜ ከእርስዎ ጋር ሠርቻለሁ። ለአሜሪካ ፕሪሊሚናሪ ሜዲሲን ፕሮግራሞች ላመለክት ነው። ስለ ዋርድ ሥራዬ በዝርዝር ሊጽፉልኝ ቢችሉ ትልቅ ውለታ ነው። ጊዜ ካልተመቸዎት ወይም ሥራዬን በደንብ ካላስታወሱት በፍጹም ቅር አይለኝም።"

"አንተ ጻፈውና እኔ ልፈርም" ካሏችሁስ? እንዳትጽፉት። ደብዳቤው የእሳቸው ቃል መሆን አለበት፤ ደግሞ የአመልካቹ እጅ ያለበት ደብዳቤ ማመልከቻው ላይ ካለው የራሳችሁ ጽሑፍ ጋር አንድ ዓይነት ሆኖ ይታወቃል። ይልቅ "ዶ/ር፣ አብረን ያየናቸውን በሽተኞች በአጭሩ ላስታውስዎት" በሉና ሦስት አራት ኬስ፣ የሽምግልና ያህል አክብሮት ጨምራችሁ፣ ከሲቪያችሁ ጋር ላኩላቸው። የበሽተኛ ስም አይጻፍ። ዓረፍተ ነገሩን እሳቸው ይጻፉት።

አሁን ኢራስ ላይ፣ ማመልከቻው በሚላክበት የኦንላይን ሥርዓት ማለት ነው፣ ያለውን አሠራር እንይ። ለአንድ ፕሮግራም መመደብ የሚቻለው እስከ 4 ደብዳቤ ነው። ግን በጠቅላላው ከ4 በላይ ደብዳቤ ማሰባሰብ ይቻላል! ለሬዲዮሎጂው አንድ ስብስብ፣ ለፕሪሊሙ ሌላ ስብስብ ማድረግ የሚቻለው በዚህ ምክንያት ነው። ለእያንዳንዱ ደብዳቤ መጠየቂያ ቅጽ ታወጣላችሁ፣ የራሱ መለያ ቁጥር አለው፣ ጸሐፊው በዚያ ቁጥር ራሳቸው ይጭኑታል። እናንተ መጫን አትችሉም። አንድ ሐኪም ሁለት ዓይነት ደብዳቤ ሊጽፉላችሁ ፈቃደኛ ከሆኑ፣ አንዱን ለሬዲዮሎጂ ሌላውን ለፕሪሊም፣ ሁለት ቅጽ አውጡ።

ደብዳቤውን የማየት መብታችሁን ትተዋላችሁ ወይ ተብላችሁ ትጠየቃላችሁ። ተዉት። እናንተ የምታዩት ደብዳቤ እንደ ልብ ስለማይጻፍ ብዙ ዳይሬክተሮች የሚያምኑት መብቱ የተተወበትን ነው። አንዴ ከተዋችሁ ደግሞ "እስቲ ኮፒውን ላኩልኝ" እንዳትሉ።

ጊዜውን በተመለከተ፣ ፕሮግራሞች ማመልከቻ ማየት የሚጀምሩት በሴፕቴምበር መጨረሻ አካባቢ ነው። ጁን ላይ ጠይቁ፣ ጁላይ መጨረሻ ላይ በትሕትና አስታውሱ። ኦገስት አጋማሽ ድረስ ድምፅ ከሌለ ሌላ ሰው መጠየቅ ጀምሩ፣ የመጀመሪያው ቢመጣ ትርፍ ነው። ዘግይቶ የመጣ ደብዳቤ ከ4ቱ ባዶ ቦታ ካለ፣ ማመልከቻው ከተላከ በኋላም ሊመደብ ይችላል።

አንድ የመጨረሻ ነገር። ቅጹን ስታወጡ ደብዳቤው ለየትኛው ስፔሻሊቲ እንደሆነ የሚለይ ርዕስ ስጡት፣ በተለይ ከአንድ ሰው ሁለት ደብዳቤ ካላችሁ። ይዘቱን ስለማታዩት የምትለዩት በዚያ ርዕስ ብቻ ነው። ከመላካችሁ በፊት የየፕሮግራሙን ምደባ አንድ በአንድ ክፈቱና የሬዲዮሎጂው ደብዳቤ ብቻውን ወደ ፕሪሊሙ አለመሄዱን በዓይናችሁ አረጋግጡ።