መኪና ሳንከራይ ቴነሪፌን መውጣትና መውረድ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለም፣ ብቻዬን ነኝ። የማወራችሁ ስለ ቴነሪፌ ነው። ከካናሪ ደሴቶች ትልቋ ናት። የስፔን ግዛት ትሁን እንጂ ካርታ ላይ ስታዩዋት ከማድሪድ ይልቅ ለሞሮኮ ዳርቻ እጅግ ትቀርባለች። አውሮፓ የምትኖሩ ብዙዎቻችሁ ክረምት ሲመጣ የርካሽ በረራ ማስታወቂያ ላይ ስሟን ሳታዩት አትቀሩም።

ቀጥታ ወደ ጉዳዬ ልግባ። እኛ ሐበሾች ለእረፍት ስንወጣ፣ እሱም ከስንት አንዴ ነው፣ ሆቴል እንይዛለን፣ መዋኛው ዳር እንተኛለን፣ ፎቶ እንነሳለን፣ እንመለሳለን። ተራራ መውጣት፣ ብስክሌት፣ የባሕር ስፖርት ሲባል «እሱ የፈረንጅ ነገር ነው፣ ገንዘብ ለተረፈው ነው» እንላለን። ይሄ አነጋገር በጣም ያሳዝነኛል። ምክንያቱም ቴነሪፌ ላይ ከሁሉም ርካሹ ነገር ተራራው ነው። ውዱ ሆቴሉ ውስጥ ቁጭ ማለት ነው።

ነገሩን ሳስበው ሥሩ ሌላ ይመስለኛል። እኛ ቤት በእግር መሄድ የችግር ምልክት ነበር። እናቴ ልጅ ሆና ገበያ የምትሄደው በእግሯ ነው፣ ውሃ የምትቀዳው በእግሯ ነው፣ ለእሷ መሻሻል ማለት መኪና ውስጥ መቀመጥ ነው። ከቴነሪፌ ደውዬ ዛሬ ቀኑን ሙሉ ስሄድ ዋልኩ ስላት «ምነው ልጄ፣ መኪና አጣሽ እንዴ?» አለችኝ። «አይ እማዬ፣ ደስ ብሎኝ ነው» አልኳት። ዝም አለች። ከዚያ «እንግዲህ ጫማሽ ደህና ከሆነ ይሁን» አለች። እኔ የምሠራው ጀርመን አገር፣ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ነው። ሰው ማንሳት፣ ሰው ማገላበጥ፣ ቆሞ መዋል ነው ሥራው። ሰውነቴ ድካም የሚያውቀው በሥራ ብቻ ነበር። ራሴ በመረጥኩት መንገድ፣ ማንም ሳያዘኝ መድከም ምን ያህል እንደሚያሳርፍ የገባኝ እዚያ ደሴት ላይ ነው። እንግዲህ ዛሬ ላስረዳችሁ የምሞክረው ይህንን ነው።

መጀመሪያ መጓጓዣውን ልንገራችሁ፣ ብዙ ሰው እዚያ ላይ ነው ተስፋ የሚቆርጠው። «መኪና ካልተከራየሽ ደሴቷን አታያትም» ይሏችኋል። እውነት አይደለም። ቲትሳ የሚባሉ አረንጓዴ አውቶቡሶች አሉ፣ የአገሩ ሰው አውቶቡስን ጓጓ ነው የሚለው፣ እና ደሴቷን ዙሪያዋን ያዳርሳሉ። ቴን ማስ የሚባል ካርድ ትገዛላችሁ፣ ገንዘብ ትሞሉበታላችሁ፣ ስትገቡም ስትወርዱም ታስነኩታላችሁ። በጥሬ ገንዘብ ከመክፈል ይረክሳል። ከደቡቡ አውሮፕላን ማረፊያ ስትወጡ 111 ቁጥር ወደ ሎስ ክሪስቲያኖስም ወደ ዋና ከተማዋ ሳንታ ክሩዝም ይወስዳችኋል። 343 ቁጥር ደግሞ ደቡቡን ከሰሜኑ፣ ከፑዌርቶ ዴ ላ ክሩዝ ጋር ያገናኛል። በሳንታ ክሩዝና በላ ላጉና መካከል ከ2007 ጀምሮ ቀላል ባቡር አለ፤ ዓመት ስጠራ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

አውቶቡሱን የምወድበት ሌላም ምክንያት አለኝ። ደሴቷ 2,034 ካሬ ኪሎ ሜትር ናት፣ ትንሽ ናት። የኪራይ መኪናው ብዛት አውራ ጎዳናዎቹን ያጨናንቃል፣ ሥራ የሚሄደው የአገሩ ሰው እዚያ መሐል ተቀርቅሮ ይቀራል። በሚያዝያ 2024 በሁሉም ደሴቶች በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ አደባባይ ወጥቶ «ካናሪያስ ገደብ አላት» ብሏል። የቤት ኪራዩ፣ ውሃው፣ መንገዱ፣ ሁሉም ከቱሪስት ብዛት ጋር ተያይዞ። እኔ እነዚህን ሰዎች አምናቸዋለሁ። ኪራይ ሽቅብ ሲወጣ ምን እንደሚመስል ስደተኛ በደንብ ያውቀዋል። ስለዚህ ስሄድ እነሱ በሚሄዱበት መሄድ እፈልጋለሁ። አውቶቡስ ውስጥ ደግሞ ቅርጫት የያዙ እናቶች አሉ፣ ተማሪዎች አሉ፣ ወደ ሆቴል ሥራ የሚሄዱ አሉ፤ መስኮቱ ዳር ተቀምጣችሁ አገር ታያላችሁ፣ ሹፌሩ ያንን ጠመዝማዛ ለእናንተ ይነዳላችኋል።

አሁን ወደ ተራራው። ቴይዴ። 3,715 ሜትር፣ በመላው ስፔን ከፍተኛው ቦታ። እሳተ ገሞራ ነው። ዙሪያው ከ1954 ጀምሮ ብሔራዊ ፓርክ ነው፣ በ2007 ደግሞ ዩኔስኮ መዝግቦታል። ወደዚያ ከሰሜን 348 ቁጥር፣ ከደቡብ 342 ቁጥር ይወጣሉ። እኔ በሄድኩበት ጊዜ ሁለቱም በቀን አንድ ጊዜ ነበር የሚወጡት፣ ጠዋት ወጥተው ከሰዓት በኋላ ይመለሳሉ። ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት የሰዓት ሰሌዳውን አጣሩ፣ የመመለሻውን ሰዓት በደንብ ያዙ፤ ያ አውቶቡስ ካመለጠ ላይ መቅረት ነው።

የ348 መንገድ ለእኔ የደሴቷ ምርጥ ጉዞ ነው። ከባሕር ጠርዝ ትነሳላችሁ፣ ሙዝ ተክል ነው ግራ ቀኙ። ላ ኦሮታቫን አልፋችሁ ስትወጡ ድንች ይመጣል፣ ብርዱ ይመጣል፣ ከዚያ ደመና ውስጥ ትገባላችሁ፣ ምንም አይታይም፣ መስኮቱ ነጭ ብቻ። ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍሰው ነፋስ እርጥበት ይዞ ይመጣና ተራራው ላይ ተደግፎ ይቆማል፣ ላይ ያለው ሞቃትና ደረቅ አየር ደግሞ ወደ ላይ አያሳልፈውም። ለዚህ ነው ሰሜኑ አረንጓዴ፣ ደቡቡ ጠፍ መሬት የሆነው። ደመናው ያለበት ቦታ የፓይን ደን ነው፤ ረጃጅሙ ቅጠላቸው ጉሙን ያጠምድና ጠብ ጠብ እያደረገ መሬቱን ያጠጣዋል። በነሐሴ 2023 በዚህ በኩል ያለው ደን ከባድ እሳት ተነስቶበት ነበር። የካናሪ ፓይን ግን ግንዱ ጥቁር ሆኖ ከሰል መስሎ ከዚያው ከቃጠሎው መልሶ ያቆጠቁጣል። ሌላው ጥድ መሰል ዛፍ አብዛኛው ይህን አይችልም።

ከዚያ በድንገት ከደመናው በላይ ትወጣላችሁ። ፀሐይ። ሰማያዊ ሰማይ። ታች ደመናው እንደ ሜዳ ተዘርግቷል፣ ፊት ለፊት ቴይዴ ብቻውን ቆሟል። አውቶቡሱ ውስጥ የነበርን ሰዎች ቋንቋችን ሌላ ሌላ ነው፣ ግን ሁላችንም አንድ ላይ «እህህ!» አልን።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ የአዲስ አበባ ልጆች ስሙኝ። በገመድ ተንጠልጥሎ ሰው ወደ ተራራው የሚያወጣ ኬብል ካር አለ፣ የሚነሳበት ጣቢያ 2,356 ሜትር ላይ ነው። ይህ የአዲስ አበባ ከፍታ ነው ማለት ይቻላል! የዓለም ምርጥ ብስክሌተኞች ከቱር ደ ፍራንስ በፊት እዚያ አካባቢ ባለው ሆቴል ሳምንታት ያሳልፋሉ፣ ስስ አየር ውስጥ ተኝተው ደማቸው ኦክስጅን ተሸካሚውን ቀይ ሕዋስ እንዲያበዛ። የእኛ ሯጮች ያደጉበትን አየር ፍለጋ ነው እዚያ ድረስ የሚወጡት። ይህንን ሳውቅ ኩራት ተሰማኝ፣ አልደብቃችሁም። ግን ደግሞ ጥንቃቄ፦ አዲስ አበባ ተወልጃለሁ ብሎ መመካት አያዋጣም። ለዓመታት ዝቅተኛ አገር የኖረ ሰው ያ የሰውነት ልምድ ይጠፋበታል። ኬብል ካሩ በ8 ደቂቃ ውስጥ 3,555 ሜትር ያወጣችኋል፣ ይህ ከእንጦጦ በላይ ነው። ራስ ምታት ከጀመራችሁ፣ ካዞራችሁ፣ ውረዱ። የልብ ወይም የሳንባ ችግር ያለበት ሰው ታች ሆኖ ቢያይ ይሻለዋል። ከላይኛው ጣቢያ ወደ ጫፉ የሚወስደው መንገድ ደግሞ አስቀድሞ የተያዘ ፈቃድ ይጠይቃል፣ ቶሎ ያልቃል፣ ቀደም ብላችሁ በኢንተርኔት ያዙ።

ፈቃድ ባታገኙ አይክፋችሁ። እኔ እንዲያውም ከጫፉ ይልቅ ታች ያለውን እመርጣለሁ። ሮኬስ ዴ ጋርሲያ የሚባሉ ቋጥኞች አሉ፣ አንዱ በድሮው የ1,000 ፔሴታ ብር ኖት ላይ ነበር፤ ዙሪያቸውን ለመሄድ ሁለት ሰዓት ይበቃል። ጉልበት ካላችሁ ግን ሲዬቴ ካኛዳስ የሚባለውን መንገድ ሂዱ። ኤል ፖርቲዮ ላይ ከ348 ትወርዳላችሁ፣ የተራራውን ግርጌ ይዛችሁ 16 ኪሎ ሜትር ያህል ትሄዳላችሁ፣ ፓራዶር ከሚባለው ሆቴል ጋ ስትደርሱ ያው አውቶቡስ ይመልሳችኋል። መንገዱ ሰፊ ነው፣ ብዙም ዳገት የለውም፣ ግን ጥላ የለም፣ ውሃም የለም፣ እርምጃችሁን ለሰዓቱ መጥኑ። ቀይ፣ ጥቁር፣ ቢጫ ድንጋይ። ዝምታ። እኔ እዚያ መሐል የሥራ ሐሳብ ከራሴ ሲወጣ ታውቆኛል፤ በየሳምንቱ የሚደራረበው፣ ሌሊት የሚቀሰቅሰኝ ነገር ሁሉ፣ እግሬ ድንጋዩን ሲረግጥ ከመስማት በቀር ምንም አልቀረም። ለዚህ የከፈልኩት የአውቶቡስ ዋጋ ብቻ ነው።

ጃኬት ግን ያዙ፣ በበጋም ቢሆን። ባሕሩ ዳር ሲሞቅ ላይ ሊበርድ ይችላል፣ በክረምት በረዶም አለ። ፀሐዩም ከታቹ የበለጠ ነው፣ ጥቁር ቆዳ ያለው ሰው አይቃጠልም የሚባለውን ተዉት፣ ቅባት ተቀቡ።

ባሕሩን በአጭሩ ልበለው። ነፋስ የምትወዱ ኤል ሜዳኖ ሂዱ፣ ደቡብ ላይ፣ ለአውሮፕላን ማረፊያው ቅርብ ነው። ዊንድሰርፊንግና ካይት ሰርፊንግ፣ ማለትም ሰሌዳ ላይ ቆሞ በሸራ ነፋስ እየያዙ ባሕሩ ላይ መንሸራተት፣ የሚያስተምሩ አሉ፣ ሰሌዳውን ያከራያሉ። የተማርኩበት አሰልጣኝ ጀማሪ ከሆናችሁ ጠዋት ኑ ይላል፣ ነፋሱ ሳይበረታ። ይህ ገንዘብ ይጠይቃል፣ ተራራው ላይ ያተረፋችሁትን እዚህ አውጡት። የማይፈልግ ሰው ሞንታኛ ሮሃን ይውጣ፣ 171 ሜትር የሆነ ቀይ ኮረብታ ነው፣ ልጆችም ይችሉታል፣ ከላይ ሸራዎቹን ሁሉ ታያላችሁ።

ዋና ለሚወድ ደግሞ ጋራቺኮ። በ1706 እሳተ ገሞራ ፈንድቶ ቅልጥ አለቱ ወደብዋን ቀበረው። ደሴቷ ላይ ዋናው ወደብ እሱ ነበር፣ ከተማዋ ከዚያ በኋላ እንደ ድሮዋ አልሆነችም። ያ ቅልጥ አለት ባሕር ላይ ደርሶ ሲበርድ የተፈጥሮ ገንዳዎች ሆነ፣ ዛሬ ሰው የሚዋኝበት። በ363 ቁጥር ከፑዌርቶ ዴ ላ ክሩዝ ትሄዳላችሁ፣ መዋኘቱ በነፃ ነው። ግን እባካችሁ፣ አትላንቲክ ነው፣ ቀልድ የለም። ማዕበል ካለ፣ ቀይ ባንዲራ ካለ፣ ገመድ ከታሰረ፣ አትግቡ። ውኃው በረጋበት ሰዓት ገብታችሁ በአንድ ማዕበል አለት ላይ ልትመቱ ትችላላችሁ። ልጆች ያሏችሁ ላስ ቴሬሲታስ ይሻላችኋል። ከሳንታ ክሩዝ በ910 ቁጥር ትሄዳላችሁ፣ ማዕበሉን የሚያግድ ግድብ አለው፣ አሸዋው በ1970ዎቹ ከሰሃራ በመርከብ የመጣ ነው።

ስንቅ ሳልነግራችሁ። ጎፊዮ የሚባል አላቸው። ከስፔኖች በፊት ደሴቷ ላይ የነበሩት ጓንቼዎች ገብስ ቆልተው ይፈጩት ነበር፣ ዛሬ በቆሎና ስንዴም ይሠራል። በእጄ ይዤ ስቀምሰው፣ በሶ ነው። የተቆላው ሽታ፣ ጉሮሮ ላይ የሚይዘው ነገር፣ ሁሉም። በማር ለውሼ፣ በፌስታል ቋጥሬ ተራራ ይዤ ወጣሁ። የእኛም መንገደኛ በበሶ ነው አገር ያቋረጠው። ሱፐርማርኬት ሁሉ አለ፣ ግዙ።

አናጋንም ሳልጠቅስ አላልፍም። በስተ ሰሜን ምሥራቅ፣ ከላ ላጉና ትንሽ ወጣ ሲባል፣ ጥንታዊ እርጥብ ደን ነው፣ ግንዱ ሁሉ ሽበት ለብሷል። ክሩዝ ዴል ካርመን ላይ ትወርዳላችሁ፣ ምልክት ያላቸው መንገዶች ከዚያ ይጀምራሉ። ነጭና ቢጫ ቀለም አጭሩን መንገድ ያሳያል፣ ነጭና ቀይ ረጅሙን። በኤክስ ቅርጽ የተቀባ ካያችሁ በዚያ አትሂዱ ማለት ነው። ዝናብ ከዘነበ ጭቃው ያንሸራትታል፣ ደህና ጫማ ያስፈልጋል። እናቴ ልክ ነበረች።

ስለ ወረቀት የጠየቃችሁኝ ነበራችሁ። ካናሪ ደሴቶች ሼንገን ውስጥ ናቸው። ጀርመን፣ ጣሊያን፣ ስዊድን፣ ሌላም የሼንገን አገር የመኖሪያ ፈቃድ ያላችሁ ከሚሠራ ፓስፖርት ወይም የጉዞ ሰነድ ጋር ይዛችሁ ያለ ቪዛ መሄድ ትችላላችሁ፣ ሁለቱንም በአካል ያዙ። እንግሊዝ ያላችሁ በኢትዮጵያ ፓስፖርት ከሆነ ግን ቪዛ ያስፈልጋችኋል፣ ቀጠሮው ስለሚዘገይ ቀደም ብላችሁ ጀምሩ።

ብቻችሁን ለመሄድ የምትፈሩ ሴቶች ጻፉልኝ። በሚመጣው ክረምት ጥቂት ሆነን በአንድ ላይ ሲዬቴ ካኛዳስን ለመሄድ እያሰብኩ ነው። ቀኑን ስንወስን በዚሁ እነግራችኋለሁ። ደህና ሰንብቱ።