አንዱ ጡት ቀድሞ ሲያጎጠጉጥ

ጤና ይስጥልኝ የቻናላችን ቤተሰቦች! ደብረ ብርሃን ነኝ። ብርዱን አታንሱት፣ ጋቢ ደርቤ ነው የምቀዳው።

አንዲት እናት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። የ11 ዓመት ልጃቸው ግራ ጡቷ ጫፍ ሥር የባቄላ ፍሬ የምታክል ነገር አለች፤ ሲነኳት ያማታል። ቀኙ ጋ ምንም የለም። ካንሰር ይሆን?

ባቄላ ካነሱ አይቀር ባቄላ እናውራ። ሐምሌ ላይ ማሳው ዳር ቁሙ። ዘሩ አንድ፣ የተዘራበት ቀን አንድ። በጓሮ በኩል ያለው፣ አመድና ፍግ የሚደፋበት፣ አንገቱን አውጥቷል። ከታች፣ ውሃ የሚተኛበት፣ ገና አፈር እንደለበሰ ነው። ታዲያ ገበሬው አርሶ ይገለብጠዋል? ኧረ በጭራሽ! «ይደርሳል» ብሎ ጠላውን ይጠጣል። አበባ ሲይዝ ማን እንደቀደመ ማን ያስታውሳል? የታችኛው ትንሽ አጠር እንዳለ ሊቀር ይችላል። ይቅራ! እሱም ባቄላ ነው።

ጡትም እንዲሁ። ሆርሞኑ ለሁለቱም ይደርሳል፣ አንዱ ቀድሞ ይነሳል። ብዙውን ጊዜ ከ8 እስከ 13 ዓመት ባለው ይጀምራል፤ ሌላኛው በወራት ውስጥ ይከተላል። አድገው ሲጨርሱም ትንሽ መበላለጥ ያለ ነው።

ኮሜንት ላይ ግን ምን ተባለ? «ጄሪካን በአንድ ጎን ስለምትሸከም ነው።» ስንት ላይክ እንዳገኘች! ጄሪካን ወገብ ይቆርጣል፣ እውነት ነው። ጡት ግን እጢና ስብ እንጂ ጡንቻ አይደለም። ሸክም አያሳድገውም፣ አያቀጭጨውም። ማሸትም፣ በመቀነት ማሰርም አያስተካክለውም። አከርካሪ ሲጣመም ግን ደረት ስለሚያዘነብል ጡቶቹ የተበላለጡ ይመስላሉ። ጎንበስ ትበልና ከኋላ እዩዋት፤ ጀርባዋ በአንድ ጎን ጉብ ካለ ለሐኪም አሳዩ።

ሌላስ መቼ ይኬዳል? ቶሎ ቶሎ ልበላችሁ። ከ8 ዓመት በፊት ከጀመረ። 13 ሞልቷት ሁለቱም ካልተነሱ። አንዱ አድጎ ሌላው ጭራሽ ከቀረ። አንዱ በድንገት ከገዘፈ። ከቀላና ካተኮሰ፣ ደም ወይም መግል ከወጣው። ከጫፉ ሥር ሳይሆን ከዳር ሌላ እብጠት ከተዳሰሰ። ትልቅ ሴት ሆና እኩል የነበረው አሁን ከተለወጠ ወይም ቆዳው ከተሰረጎደ ደግሞ ዛሬ ነገ አትበሉ።

ያቺን ባቄላ ግን ማንም በምላጭ እንዳይነካት፣ አደራ! ነገ ጡት የምትሆነው እሷ ናት። ከተቆረጠች በዚያ በኩል ጡት ላይወጣ ይችላል።

ወንዶች ልጆችም በጉርምስና በአንድ ጎን ሊያጎጠጉጡ ይችላሉ። እሱን በሚቀጥለው ቪዲዮ። ሰብስክራይብ አድርጉና ጠብቁኝ፤ እኔ እጄን ልሙቅ።