ኮፓ ከመግዛታችሁ በፊት ዳገቱን አስቡ

የተከበራችሁ ሾፌሮች፣ መካኒኮችና ባለንብረቶች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ከአስፋልት ወጥቶ ለሚሠራ መኪና የሞተር ዘይት ኮፓ፣ ማለትም ከሞተሩ ስር ዘይቱ የሚጠራቀምበትን ገንዳ፣ ልትገዙ ስትሄዱ መጀመሪያ የምትጠይቁት «ላሜራው ስንት ሚሊ ነው?» ብላችሁ ነው። ተገቢ ጥያቄ ነው። ከእሱ በፊት ግን መኪናው ሲያዘነብል ዘይቱ ወዴት እንደሚሄድ እንድትጠይቁ እለምናችኋለሁ።

የዘይት ፖምፓው የሚስበው ኮፓው ውስጥ ካለው ማጥለያ ነው። ማጥለያው ለጥቂት ሰከንድ ከዘይት ከወጣ ፖምፓው አየር ይስባል፣ ግፊቱ ይወርዳል፣ ብሮንዚናዎቹ፣ ማለትም የሞተሩ ዋና ዘንግ (ክራንክ ሻፍት) የሚዞርባቸው ተሸካሚዎች፣ ያለ ዘይት ይፋተጋሉ። ዳገት ላይ የዘይት መብራት ብልጭ ብሎ ሲጠፋ «ሽቦው ነው» ብላችሁ አትለፉት። ሞተሩ እየተጎዳ ሊሆን ይችላል።

አገራችን ደግሞ ሜዳ አይደለችም። ከደባርቅ ሊማሊሞን የወረደ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ ካለው የሳነቴ አምባ በሐረና ጫካ ወደ ደሎ መና የቆለቆለ ሰው የምለው ይገባዋል። የኮፓው ጥልቅ ክፍል ከፊት ከሆነ፣ ዳገት ላይ ዘይቱ ወደ ኋላ ይሸሽና ማጥለያው ይራቆታል። ጥልቁ ከኋላ ከሆነ ዳገቱ ይመቸዋል፤ የሚቸገረው ቁልቁለት ላይ ነው። በከባድ ማርሽ ይዛችሁ ስትወርዱ እግራችሁ ነዳጅ ባይረግጥም ሞተሩ በፍጥነት ይዞራል፣ ዘይትም ይፈልጋል። ከዚህ የሚያድነው በማጥለያው ዙሪያ የተበየደው ግድግዳ ነው። ጥሩ ኮፓ ግድግዳው ላይ ዘይት ወደ ማጥለያው የሚያስገባ፣ ሲመለስ ግን የሚዘጋ ትንሽ በር አለው። ስለዚህ ሱቅ ውስጥ ኮፓውን አዘንብላችሁ ውስጡን እዩ። ባዶ ገንዳ ከሆነ ላሜራው የፈለገውን ያህል ቢወፍር አትውሰዱት።

ጥልቁ የት ይሁን የሚለውን ብዙ ጊዜ የሚወስነው የፊት አክስሉ ነው። ላንድክሩዘር 70 እ.ኤ.አ. በ1984 ሲወጣ የያዘውን ወጥ የፊት አክስል፣ ማለትም ሁለቱን የፊት ጎማዎች የሚያገናኘውን አንድ ወጥ ብረት፣ ዛሬም አልተወም። መንገዱ ሲያነጥር አክስሉ እንዳለ ወደ ሞተሩ ይነሳል። የሌላ መኪና ሞተር የምትገጥሙ መካኒኮች በአክስሉና በኮፓው መካከል ያለውን ክፍተት ቆሞ ባለ መኪና ብቻ እየለካችሁ አትመኑ። ባሌስትራውን ወይም ሞላውን ፍቱ፣ አክስሉን በክሪክ እስከ መጨረሻው አንሱ፣ በመሃል ለስላሳ ጭቃ አድርጋችሁ የቀረውን ክፍተት ለኩ። ሞተሩም በተቀመጠባቸው የጎማ ትራሶች ላይ ይወዛወዛል። እኔ በበኩሌ ከሁለት ጣት ያነሰ ክፍተት አልቀበልም።

ብዙ ዘይት እንዲይዝ ወደ ታች የረዘመ ኮፓን ድንጋይ በቀላሉ ያገኘዋል። ወደ ጎን የሰፋ ይሻላል።

አሁን ወደ ብረቱ። አሉሚኒየም ሙቀት በደንብ ያስወጣል፣ ሞተሩንም ያጠነክራል፤ ሲመታ ግን ይሰነጠቃል፣ ብየዳውም በአርጎን የሚሠራ ባለሙያ ይፈልጋል። ወደ ኤርታ አሌ በሚወስደው የላቫ ድንጋይ ላይ ያን ባለሙያ ከየት ታመጣላችሁ? ለእንዲህ ያለ ጉዞ ምርጫዬ የብረት ላሜራ ነው። ይሰረጎዳል እንጂ በቀላሉ አይሰነጠቅም፣ ቢበሳም የገጠር በያጅ ይደፍነዋል።

የብረት ኮፓ አደጋው ሌላ ነው፣ እዚህ ላይ ጆሯችሁን ስጡኝ። በማጥለያውና በኮፓው ወለል መካከል ያለው ክፍተት ብዙ ጊዜ ከ6 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ድንጋይ ወለሉን ወደ ላይ ከገፋው የማጥለያው አፍ ይታፈናል። ጠብታ ዘይት አይፈስም፣ መለኪያ ዘንጉም ሙሉ ያሳያል፤ ሞተሩ ግን ተርቧል። ከድንጋይ ጋር የተጋጨ ኮፓ ባይፈስም ይፈታ። ባለንብረቶች፣ ሾፌሩ «መታሁት» ብሎ ሲነግራችሁ አትቆጡት። ከተቆጣችሁት በሚቀጥለው ጊዜ አይነግራችሁም።

ኮፓ ስትቀይሩ የማጥለያው ቱቦና መለኪያ ዘንጉ ከአዲሱ ኮፓ ጋር የሚሄዱ ይሁኑ። በአሮጌው ዘንግ ለክታችሁ ዘይት ካበዛችሁ ክራንክ ሻፍቱ እየመታ አረፋ ያደርገዋል፣ አረፋ ደግሞ ብሮንዚና አይሸከምም። የማፍሰሻው ብሎን ወደ ኋላ የዞረ እንጂ ወደ ታች የወጣ አይሁን። ከስር የምትገጥሙት መከላከያ ላሜራም ኮፓውን አይንካው፤ ጭቃው የሚታጠብበት ቀዳዳ ይኑረው።

ውጭ ጠረጴዛው ላይ ውስጣቸው የሚታይ ኮፓዎች አሉ፤ አንዱ የተሰረጎደ ነው። እጃችሁን ከትታችሁ ክፍተቱን ዳስሱ፣ ጥያቄያችሁንም እዚያው እቀበላለሁ። አመሰግናለሁ።