ጉድጓዱ ዳር ቆመን እንነጋገር

የተከበራችሁ የእድር ሰብሳቢዎች፣ የሃይማኖት አባቶች፣ የቀበሌ አመራሮች፣ የጤና ኤክስቴንሽን እህቶቼ፣ እንደምን አደራችሁ።

ክረምቱ ሲወጣ ጅማ ምን እንደምትሆን ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ። ዝናቡ ጋብ ይላል፣ ፀሐይ ይወጣል፣ ያቆረው ውሃ ሁሉ ይሞቃል። ከዚያ ጤና ጣቢያው በትኩሳት ሕመምተኛ ይሞላል። በፈረንጆቹ 2024 ከጃንዋሪ እስከ ኦክቶበር 20 ባለው ጊዜ ብቻ በአገራችን ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕመም ተመዝግቧል። 1157 ሰው ሞቷል።

አጎበርና የቤት ውስጥ ርጭት ብዙ ነፍስ አትርፈዋል፤ ወደፊትም ያተርፋሉ። ግን በእኛ አካባቢ ያለችው የወባ ትንኝ ዲዲቲንና ሌሎች የምንተማመንባቸውን ኬሚካሎች መቋቋም ለምዳለች። ስለዚህ ክንፍ አውጥታ ቤታችን ሳትገባ፣ ገና እጭ ሆና ውሃ ውስጥ ሳለች ብንደርስባት ይሻላል። ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ይባል የለ?

ለዚህ ከሚያገለግሉት አንዱ ቢቲአይ የሚባለው ባክቴሪያ ነው። በአፈር ውስጥ የሚኖር ተፈጥሯዊ ነገር ነው። ደቃቅ ፍሬ ወይም ዱቄት ሆኖ ውሃው ላይ ይበተናል። እጩ ምግብ መስሎት ይበላዋል። ባክቴሪያው የያዘው መርዝ የሚነቃው በእጩ አንጀት ውስጥ ነው፤ አንጀቱን በስቶ ይገድለዋል። የሰውና የከብት ሆድ ከእጩ አንጀት ስለሚለይ እዚያ አይነቃም። ንብም አይነካም። ይህን አስምሬ የምናገረው፣ ቀፎ ያለው ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ንቡ እንደሆነ ስለማውቅ ነው። ልክም ነው።

ሳይንሱ ይኸው ነው። የሚከብደው ቀጥሎ ያለው ነው።

እስቲ አስቡት። ጋዋን የለበሰ ሰው ጠዋት ይመጣል። ላሞቻችሁ የሚጠጡበት ውሃ ላይ የማታውቁትን ነገር ይበትናል። ፈርሞ፣ ፎቶ አንስቶ ይሄዳል። ማን ያምነዋል? እኔ ብሆን አላምነውም። እምቢ ያለን ሰው «አልገባውም» ማለት ደግሞ ትልቅ ስድብ ነው። ገብቶት ነው እምቢ ያለው። ያልገባን እኛ ነን።

በሕንድ የሆነውን ልንገራችሁ። በፈረንጆቹ 1970ዎቹ የዓለም ጤና ድርጅትና የሕንድ ተመራማሪዎች ኒው ዴልሂ ላይ አንድ ሥራ ጀምረው ነበር። መካን የሆኑ ወንድ ትንኞችን ለቅቆ የትንኝ ዘር ማሳነስ ነው ሐሳቡ። ወንድ ትንኝ ሰው አይነክስም። ግን ይህን ሕዝቡ ከማን ይስማ? ጋዜጦች «የጀርም ጦርነት ዝግጅት ነው» ብለው ጻፉ። ነገሩ ፓርላማ ደረሰ። በ1975 ሥራው ተቋረጠ። ለዓመታት የተለፋበት ትልቁ የትንኝ ልቀት ሳይደረግ ቀረ።

ኢንዶኔዥያ ዮግያካርታ ላይ ግን ሌላ ሆነ። እዚያ ችግሩ ደንጊ የሚባለው በትንኝ የሚተላለፍ የትኩሳት ሕመም ነው፣ ትንኟም ሌላ ናት፤ ስለዚህ ዘዴውን ለእኛ ወባ እንዳለ ልንወስደው አንችልም። ትንኟ ደንጊን እንዳታስተላልፍ የሚያዳክም ወልባኪያ የሚባል ባክቴሪያ የያዙ ትንኞች ተለቀቁ። የትንኝ እንቁላል ያለበት ባልዲ የሚቀመጠው ነዋሪው በፈቀደው ግቢ ነበር። በፈረንጆቹ 2021 በታተመው ውጤት የደንጊ ሕመም 77 በመቶ ቀንሷል። እኔን የማረከኝ ቁጥሩ ብቻ አይደለም። ሰው ትንኝ በግቢው እንዲፈለፈል ፈቀደ! ይህን ያህል እምነት በአንድ ስብሰባ አይገኝም።

እንግዲህ እኛ ምን እናድርግ? ሰውን ወደ ስብሰባ አዳራሽ ከመጥራት በፊት ወደ ጉድጓዱ እንሂድ። ጡብ ለመሥራት አፈር የወጣበት ጉድጓድ አለ፣ የከብት ኮቴ የረገጠው ጭቃ አለ። በነጭ ጭልፋ ውሃ ቅዱና ዝም ብላችሁ ጠብቁ። ጭልፋው ሲነካ እጮቹ ወደ ታች ይሸሻሉ፤ ትንሽ ቆይተው ይመለሳሉ። የወባ ትንኝ እጭ ውሃው ላይ ጋደም ይላል፤ ሌላው ቢምቢ ዘቅዝቆ ይንጠለጠላል። የቤቱ እመቤት በዓይኗ ትየው። ከዚያ ውሃውን በሁለት ብርጭቆ ይዛ ትግባ። አንዱ ላይ ቢቲአይ እንጨምር፣ ሌላው እንዳለ ይሁን። ሁለቱም ውስጥ የእንቁራሪት ልጅ እንክተት። በማግስቱ ቡና ሲፈላ ጎረቤት ተሰብስቦ ይመልከት። በአንዱ እጮቹ ሞተው ታች ወርደዋል፣ የእንቁራሪቷ ልጅ ግን ትዋኛለች። ከዚያ በኋላ ለጎረቤት የምታስረዳው እሷ ናት።

ቋንቋውም የቤቱ ቋንቋ ይሁን። በአፋን ኦሮሞ የሚያወጋን ቤት በአማርኛ በራሪ ወረቀት አናስረዳውም።

የምንደብቀው ነገር አይኑር። ባክቴሪያው የት ተገኘ ብሎ የሚጠይቅ ካለ፣ በፈረንጆቹ 1976 እስራኤል ውስጥ፣ ኔጌቭ በረሃ፣ ከአንድ ኩሬ መሆኑን በቀጥታ እንንገረው። ዛሬ ከእኛ ከሰማው መረጃ ነው፤ ነገ ከሌላ ሰው ከሰማው ሚስጥር ይሆንበታል።

የማይችለውንም እንንገር። ቢቲአይ ብዙ ጊዜ ከአንድ ሁለት ሳምንት በላይ አይሠራም፤ መደጋገም አለበት። ሜዳውን የሞላ የኮቴ ውሃ ሁሉ ላይ ልንደርስ አንችልም። አጎበሩ አይወርድም፣ ትኩሳት ያለበት ሰው መመርመሩን አይተውም። «ወባ ይጠፋል» ብለን ቃል ገብተን በኅዳር ልጅ ከታመመ፣ የሚቀጥለው ዓመት በር አይከፈትልንም።

እጩን እንዲበላ ውሃው ውስጥ ዓሣ ብንለቅስ ብላችሁም ጠይቃችኋል። አሰብ በኢትዮጵያ ሥር በነበረችበት ዘመን፣ እዚያው የሚኖር ትንሽ ዓሣ እጭ እንዲበላ ተሞክሮ ሠርቷል። ጋምቡሲያ የሚባለው የውጭ ዓሣ ግን በብዙ አገር የአገሬውን ዓሣና እንቁራሪት ጎድቷል። እሱን ወደ ቦዬ ረግረግ ወይም ወደ አዌቱ ወንዝ እናስገባ የሚል ሐሳብ ከመጣ እኔ አልደግፍም።

አንድ ልመና አለኝ። በየእድሩ ሁለት ሰው ምረጡልን፤ አንዷ ሴት ትሁን። ቢቲአይ የት እንደሚበተን አብረውን ይወስኑ፣ መዝገቡን ይያዙ፣ ቅሬታ ይቀበሉ። «እዚህ ጉድጓድ አትድረሱ» ካሉ አንደርስም፤ ተመልሰን እንነጋገራለን። ሻይ ከጠጣን በኋላ በዚህ አካባቢ ያሉትን ጉድጓዶች አብረን እንዞራለን። ጭልፋዎቹ በሩ ጋ አሉ። ጥያቄ ያለው እዚያው ውሃው ዳር ይጠይቀኝ።