42ቱን ከመቁረጣችሁ በፊት አንዱን ስፉ

ጤና ይስጥልኝ። የዛሬው ወሬ ስለ ሙከራ ብሎክ ነው። ኪልት ከጨርቅ ቁርጥራጭ ተገጣጥሞ የሚሰፋ ልብስ ነው፤ ብሎክ የሚባለው ደግሞ እየተደጋገመ ኪልቱን የሚሞላው አንዱ ካሬ ነው። ኪልት የሚሰፋ ሰው ንድፉ ዓይኑ ውስጥ ከገባ ጨርቁን ሁሉ በአንዴ ቆርጦ መቆለል ያምረዋል። እኔ ደግሞ መጀመሪያ አንድ ብሎክ ብቻ ይሰፋ ባይ ነኝ። እሱም ከተራረፈ ጨርቅ ሳይሆን ኪልቱ ከሚሠራበት ከራሱ ጨርቅ፣ በራሱ ክር፣ በዚያው የስፌት መኪና። በሌላ ጨርቅ የሰፋ ሰው የሞከረው ሥዕሉን ብቻ ነው።

ባለ አራት ጫፉን ኮከብ እንውሰድ፤ ተሰፍቶ ሲያልቅ 12 ኢንች በ12 ኢንች የሚሆነውን። 9 ቁራጭ አለው። መሀሉ ላይ 1 የኮከብ ካሬ፣ በአራቱ ማዕዘን 4 የመደብ (ከኮከቡ ጀርባ የሚታየው ጨርቅ) ካሬ፣ የቀሩት 4 ደግሞ ከሁለት ቀለም ሦስት ማዕዘን የተገጠሙ ናቸው። በየጎኑ ሩብ ኢንች ለስፌት ስለሚገባ ሙሉዎቹ በ4 ኢንች ተኩል ይቆረጣሉ። ለባለ ሁለት ቀለሞቹ ስሌቱ 4 ከ7/8 ኢንች ነው የሚለው። እኔ ግን 5 ኢንች ቆርጦ ኋላ መከርከሙን እመርጣለሁ። ከየቀለሙ 2 ካሬ ያዙና ጥንድ ጥንድ አድርጋችሁ ደርቧቸው። ከጥግ ጥግ አስምሩ፤ ከመስመሩ ግራና ቀኝ ሩብ ሩብ ኢንች ርቃችሁ ስፉ፤ ከዚያ መስመሩ ላይ ቁረጡ። 4 ቁራጭ ይወጣል፤ ተኩሳችሁ ወደ 4 ተኩል ከርክሙ። ስትተኩሱ ካውያውን አንሥታችሁ አስቀምጡ እንጂ አትጎትቱት፤ ሰያፍ የተቆረጠ ጨርቅ በትንሽ ነገር ይለጠጣል።

አሁን ማስመሪያ። ብሎኩ ከማማሩ በፊት ልኩ ይታይ፤ ዙሪያው ገና ስላልተሰፋ 12 ኢንች ተኩል መሆን አለበት። 12 ከሩብ ከሆነስ? ጥፋቱ የስፌቱ ነው። እያንዳንዱ ስፌት 1/16 ኢንች ብቻ ወደ ውስጥ ቢገባ ከሁለቱም ቁራጭ ስለሚበላ 1/8 ይወስዳል። አንድ ረድፍ 2 ስፌት አለው፤ ሩቧ ኢንች የሄደችው በዚያ ነው። 7 ብሎክ ጎን ለጎን ስትገጥሙ፣ በመካከላቸው ያሉት 6 ስፌቶች ተጨምረው፣ የሚጎድለው 2 ኢንች ተኩል ይደርሳል። ሁሉም ብሎክ እኩል ካጠረ እርስ በርሱ ይገጥማል፤ ጣጣው የሚመጣው በመሀል በ12 ተኩል የተቆረጠ ሙሉ ጨርቅ ሲገባ ነው። አንዱ ይጨማደዳል፣ አንዱ ይወጠራል።

መኪናችሁን ለብቻው ለመፈተን ደግሞ ስፋታቸው 1 ኢንች ተኩል የሆኑ 3 ጥብጣቦች ቆርጣችሁ ጎን ለጎን ስፉና ተኩሱ። ድምሩ 3 ተኩል፣ የመሀለኛው ስፋት ልክ 1 ኢንች መሆን አለበት። ካነሰ መርፌውን በጥቂቱ ወደ ጨርቁ ዳር አቅርቡት። ሩብ ኢንች ላይ በትክክል ብትሰፉ እንኳ እጥፋቱ የክር ውፍረት ያህል ይበላል፤ ስለዚህ ከሩብ ኢንች በፀጉር ያህል ያነሰ ነው የሚፈለገው። ጨርቁን የሚጫነውን የመኪናውን እግር ብቻ መለኪያ አድርጋችሁ አትመኑ።

ቀለሙን በዓይን ብቻ አትፍረዱ፤ በስልክ ፎቶ አንሥታችሁ ወደ ጥቁርና ነጭ ቀይሩት። ኮከቡ ከመደቡ ካልተለየ ጨርቁ ይቀየር። አራት ብሎክ ሲገጥም ምን እንደሚመስል ለማየት ፎቶውን አራት ጊዜ አባዙት። አንዳንዶች በሁለት መስታወት ያዩታል፤ ለዚህኛው ኮከብ ግን አይሆንም። ኮከቡ ዞሮ የሚሄድ ስለሆነ መስታወቱ አዟዟሩን ይገለብጥባችኋል።

የጨርቅ ሒሳቡም ከዚሁ ይወጣል። 42 ብሎክ ብታስቡ ለመደቡ ብቻ 168 ባለ 4 ተኩል ካሬ፣ 84 ደግሞ ባለ 5 ያስፈልጋል። ለመቁረጥ የሚሆነው ስፋቱ 40 ኢንች ከሆነ ጨርቅ ከአንድ ጥብጣብ 8 ካሬ ይወጣል። ስለዚህ 21 እና 11 ጥብጣብ፣ በጠቅላላው 149 ኢንች ተኩል፣ ማለትም 3 ሜትር ከ80 ገደማ። ለስህተት አንድ አሥረኛ ጨምሩና 4 ሜትር ከ20 ያዙ። ሰዓቱንም አስሉት፤ አንዱ 50 ደቂቃ ከፈጀ 42ቱ 35 ሰዓት ነው። እዚህ ላይ ሐሳቡን የሚቀይር ሰው ሰነፍ አይባልም።

ቀይና ጥቁር ሰማያዊ ጨርቅ ካለ ከመስፋታችሁ በፊት ቁራጩን አርጥባችሁ ነጭ ጨርቅ ላይ ተጫኑት፤ ቀለም ከለቀቀ ይታጠብ። ከየጨርቁም 10 በ10 ኢንች ቆርጣችሁ እጠቡና አድርቃችሁ ለኩ። አንዱ 9 ተኩል ሆኖ ሌላው ባለበት ከቀረ ሁሉንም አስቀድማችሁ ማጠብ ግዴታ ነው፤ አለዚያ ኪልቱ ከመጀመሪያው እጥበት ይጨማደዳል።

ብሎኩ ካለፈ ጀርባው ላይ ፕላስተር ለጥፋችሁ የመርፌውን ቦታ፣ የስፌቱን ርዝመት፣ የእያንዳንዱ ረድፍ ስፌት በየት በኩል እንደተተኮሰ ጻፉበት። የላይኛውና የታችኛው ረድፍ ወደ ውጭ፣ የመሀለኛው ወደ ውስጥ ከተተኮሰ ስፌቶቹ ሲገናኙ አንዱ በሌላው ላይ አይነባበርም። ካላለፈ መጀመሪያ ስፌቱን አርሙና ሌላ ስፉ። ልኩ አሁንም እምቢ ካለ ቁራጮቹን አሳንሱና ብሎኩን 9 ኢንች አድርጉት፣ ወይም ሰያፍ የሌለበት ንድፍ ምረጡ።